በውሃ በተሞላ ጠርሙስ ላይ የሰይፍ ቆረጣ ልምምድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በግቢያቸው የውሃና የዘይት ፕላስቲክ ደርድረው በሰይፍ መቁረጥ ለጀመሩ ወይም ሊጀምሩ ላሰቡ፣ ከቀላሉ ጥያቄ ወደ ከባዱ።

በውሃ የተሞላ ዕቃ መቁረጥ ምን ይጠቅማል?

ሰይፍን በባዶ አየር ላይ መሰንዘር ብዙ ነገር ያስተምራል። አንድ ነገር ግን አይናገርም፤ ስለቱ በእርግጥ ክንድ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ እየሄደ መሆን አለመሆኑን። ይህን ለማወቅ የሚቆረጥ ነገር ያስፈልጋል። ጃፓኖች ታሜሺጊሪ በሚሉት ልምምዳቸው ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ የታታሚ ምንጣፍ ጠቅልለው ይቆርጣሉ፤ የቆየውን የአውሮፓ የሰይፍ ትምህርት የሚያጠኑ ክበቦችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ታታሚ ግን ዋጋው ይወደዳል፣ በሁሉም አገር አይገኝም። የፕላስቲክ ጠርሙስ በየቤቱ አለ።

ውሃው የሚያስፈልገው ለክብደት ነው። ባዶ ጠርሙስ ሲመታ ይሸሻል፤ ሁለት ሊትር የያዘው ግን ሁለት ኪሎ ስለሚመዝን ስለቱ እስኪያልፍ ቦታውን ይዞ ይቆያል። ቆረጣው ካማረ የላይኛው ክፍል ተንሸራቶ ይወድቃል፣ የታችኛው ግማሽ ውሃውን እንደያዘ ቆሞ ይቀራል። ሥራው በሙሉ ያንን ቆሞ የሚቀር ግማሽ ማግኘት ነው።

ለጀማሪ የትኛው ዕቃ ይሻላል?

አገር ቤት ላሉ የሁለት ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ጥሩ መነሻ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ክብደት አለው፣ ግድግዳውም ስስ ነው። አሜሪካ ያሉ ደግሞ ከዚህ የተሻለ አላቸው፤ ባለ አንድ ጋሎን የወተት ዕቃ ለስላሳ ፕላስቲክና ሰፊ አካል ስላለው ለጀማሪ ይቅርታ ያደርጋል። የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ የጋዝ ግፊት እንዲችል ስለሚሠራ ከውሃው ይጠነክራል፤ ቀጣዩ ደረጃ ይሁን። ግማሽ ሊትሩ ቀላልና ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ቢመስልም ከባድ ፈተና ነው። የሦስትና የአምስት ሊትር የዘይት ዕቃ ወፍራም ነው፤ ለኋላ ይቆይ፣ ሲደርስም በሳሙና በደንብ ይታጠብ። መሬት ላይ የፈሰሰ ዘይትና በእጅ ያለ ሰይፍ አብረው አይሄዱም።

የትኛውም ዕቃ ቢሆን እስከ አፉ ይሙሉትና ክዳኑን ያጥብቁት። ሙሉና ዝግ የሆነ ጠርሙስ ግድግዳው ወደ ውስጥ ስለማይጨማደድ ስለቱ ይይዘዋል። በላዩ የተለጠፈውን ወረቀት አስቀድመው ይላጡ፤ ሙጫው ብረቱ ላይ ተጣብቆ የሚያስለቅሰው በኋላ ነው። አንገቱንና መቀመጫውን አይምቱ፤ ሁለቱም ከቀረው አካል እጅግ ይወፍራሉ።

ፈጽሞ የማይሞከረው የቱ ነው?

ብርጭቆና የቢራ ጠርሙስ፣ ሸክላ፣ ቆርቆሮ፣ በረዶ የሆነ ጠርሙስ፣ ግፊት ያለበት የሚነፋ ጣሳ። በረኪና፣ ነዳጅ ወይም የተባይ መርዝ የያዘ ዕቃም ታጥቧል ተብሎ አይቆረጥም፤ የተረፈው ፊት ላይ ይረጫል። ቢጫው የሃያ ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ሃያ ኪሎ ነው፣ ግድግዳውም ወፍራም ነው። እሱን መቁረጥ የሚፈልግ ሰው የሚያሳየው ሰይፉን እንዴት እንደሚያጎብጥ ብቻ ነው።

ግድግዳ ላይ ለጌጥ የተሰቀለው ሰይፍ ይሆናል?

አይሆንም። በዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህ ይሁን። ለጌጥ የሚሸጡት ሰይፎች ብዙውን ጊዜ ከማይዝግ ብረት ይሠራሉ። የማይዝግ ብረት ለማእድ ቤት ቢላ መልካም ነው፤ በሰይፍ ርዝመት ግን በምት ጊዜ ሊሰበር ይችላል። ከዚህ የባሰው በእጀታው ውስጥ የተደበቀው ነው። ከስለቱ ጋር አንድ ወጥ ሆኖ መግባት የነበረበት የብረት ጭራ በቀጭን የተበየደ ዘንግ ይተካል፤ ብየዳው በመጀመሪያው ቀን ላይሰበር ይችላል፣ በተሰበረ ቀን ግን አንድ ሜትር የሚጠጋ ብረት ማንም ወዳልጠበቀው አቅጣጫ ይበራል።

ለቆረጣ የሚሆን ሰይፍ ከካርቦን ብረት ወይም ከስፕሪንግ ብረት ይሠራል፣ በሙቀት ይገራል፣ ጭራው ወፍራም ሆኖ እጀታው ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ሻጩ የብረቱን ዓይነትና የጭራውን አሠራር መናገር ካልቻለ አይግዙት። ጥሩ ሰይፍም ቢሆን በእያንዳንዱ ልምምድ መጀመሪያ ይፈተሻል፦ እጀታውን ይዘው ቀስ ብለው ሲያወዛውዙት የሚንቀጫቀጭ ነገር ካለ የዚያን ቀን ልምምድ አብቅቷል። በጃፓን ሰይፍ ደግሞ እጀታውን ከብረቱ ጋር የምታያይዘውን የቀርከሃ ችንካር ይመልከቱ፤ ከተሰነጠቀች ወይም ከላላች ሰይፉ አይመዘዝም።

የአያቴ ጎራዴ አለ፤ ሾተልም አለን። በእነሱ ብለማመድስ?

እባክዎ ይተዉት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ወደ አገራችን ከገቡት የጎራዴ ብረቶች ብዙዎቹ እንደ ጀርመኗ ዞሊንገን ካሉ የአውሮፓ ከተሞች የመጡ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ላይ የአማርኛ ጽሑፍና የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾባቸዋል። ብረቱ እስካሁን ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ እጀታው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀንድ ነው፣ ቀንድ ደግሞ በዕድሜ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ውስጡ ምን ያህል እንደዛገ ከውጭ አይታይም። የላስቲክ ጠርሙስ ለመቁረጥ ብሎ የቤተሰብ ቅርስ መስበር ለዘመድ አዝማድ የሚነገር ታሪክ አይደለም።

ሾተል ደግሞ አዲስ ቢሠራ እንኳ ለዚህ ልምምድ አይመችም። እንደ ማጭድ የታጠፈው ጫፉ የታሰበው ከባላጋራ ጋሻ ጀርባ ለመድረስ ነው፤ ቀጥ ባለ መስመር ጠርሙስ ለማቋረጥ አይደለም። ስለት አሰላለፍን (ስለቱን በምቱ አቅጣጫ ማቅናትን) መማር ለሚፈልግ ሰው ትንሽ ቆልመም ያለ ባለ አንድ ስለት ሰይፍ ከሁሉም ይቀላል። ባለ ሁለት ስለቱ ቀጥ ያለው የአውሮፓ ሰይፍም ይቆርጣል፤ ስህተትን ግን ቶሎ ያጋልጣል። ለመውጋት የተሠራ ቀጭን ሰይፍ ከጠርሙስ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም።

ገጀራስ?

ገጀራ ስስና ሰፊ ስለሆነ ፕላስቲክ ይቆርጣል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ችግሩ አጭር መሆኑ ነው፤ ወደ ጠርሙሱ መጠጋት ግድ ይላል፣ ያመለጠ ምት ደግሞ በቀላሉ ጉልበት ላይ ያርፋል። ሌላው ጉዳይ ጎረቤት ነው። ሰው በግቢው ገጀራ ሲያወናጭፍ የሚያይ ጎረቤት ስፖርት ነው ብሎ አያስብም፣ እንዲያስብም አይጠበቅበትም። በየትኛውም ስለት ቢሆን ከመጀመርዎ በፊት አጥር ለአጥር ለሚዋሰኑዎት ሰዎች ይንገሩ።

ቤት ውስጥ መለማመድ ይቻላል?

ስለት ባለው ሰይፍ፣ አይቻልም። ጣሪያው፣ አምፖሉ፣ የበሩ ጉበን ሁሉም ከሚገምቱት በላይ ቅርብ ናቸው፤ ውሃውም ምንጣፉን ያበላሻል። ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ በጋራው ግቢ ሕፃናት ስለሚሮጡ እዚያም አይሞክሩት። ቤት ውስጥ የሚሠራው በእንጨት ሰይፍ መሰንዘር ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ቦታ ይፈልጋል።

በግቢ ከሆነ ክንድዎንና ሰይፉን ዘርግተው በዙሪያዎ ይለኩ፣ ያንኑ ያህል ደግሞ ይጨምሩ፤ በዚያ ክበብ ውስጥ ከጠርሙሱ በቀር ምንም አይኑር፣ የልብስ ማስጫ ገመድም ጭምር። ተመልካች ካለ ከጀርባዎ ይቁም፣ በብዙ ሜትር ርቆ። ሰይፍ ከእጅ ካመለጠ የሚሄደው በምቱ መስመር ስለሆነ በዚያ አቅጣጫ አጥር ወይም ግንብ ቢኖር ይመረጣል። ጫማ የተዘጋ ይሁን። ሲሚንቶ ላይ ውሃ ሲፈስ ያንሸራትታልና ሣር ወይም አፈር ይሻላል፤ አፈሩም ጭቃ ሲሆን ቦታ ይቀይሩ።

ጠርሙሱን ምን ላይ ላስቀምጥ?

እንጨት ላይ። ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ግንድ ቁራጭ በቂ ነው፤ ከላይ ጠርሙሱን ብቻ የሚችል ጠባብ ይሁን፣ ከታች ግን እንዳይወድቅ በሰፊ እግር ወይም መሬት ውስጥ በመቅበር ይጠንክር። የጠርሙሱ ወገብ ከእምብርትዎና ከደረትዎ መካከል ሲሆን ከፍታው ልክ ነው። በርሜል፣ የብረት ጠረጴዛ፣ ብሎኬት፣ ከላይ የወጣ ምስማር ያለው እንጨት፣ እነዚህ ሁሉ ስለት የሚሸርፉ ናቸው። ዝቅ ያለ ምት ሊመጣ እንደሚችል ታስቦ ይሠራል፤ ያን ጊዜ የሚቆረጠው እንጨቱ ይሁን።

እንዴት ልቁም? የትኛው እግር ይቅደም?

ቀኝ እጅዎን የሚጠቀሙ ከሆነ በሰያፍ ምት ይጀምሩ፤ ከቀኝ ትከሻ በላይ ተነሥቶ ወደ ግራ ዝቅ የሚል። በዚህ ምት ቀኝ እግር ይቅደም፣ ግራው ኋላ ይቅር። ሰይፉ የሚያርፈው በግራ በኩል ስለሆነ ግራ እግር ቀድሞ ከተገኘ ጉልበቱ መንገዱ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ሲሰነዝሩ ግልባጩ ነው። ምቱ ካለፈ በኋላ ሰይፉን ወደ ኋላ እንዲሄድ አይልቀቁት፤ ከፊትዎ በጎን ዝቅ ብሎ ይቁም። በአንድ እጅ የሚሰነዝሩ ከሆነ ሌላው እጅ ደረት ላይ ወይም ከወገብ ኋላ ይቀመጥ። ጠርሙስ ለመደገፍ የሚዘረጋ እጅ የለም።

ርቀቱን ከመሰንዘርዎ በፊት በዝግታ ይለኩ። ክንድ ሲዘረጋ ጠርሙሱን የሚነካው ከጫፉ አንድ ስንዝር ገባ ያለው የስለቱ ክፍል ይሁን። የሰይፉ ፍጥነት ያለው እዚያ ነው። ወደ እጀታው በተጠጋ ስለት የሚመታ ሰው ጠርሙሱን ይገፋዋል እንጂ አይቆርጠውም።

ጠርሙሱ ሳይቆረጥ ተወርውሮ ይሄዳል። ምን እየሆነ ነው?

ከሁሉም በላይ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው፤ ብዙዎችም መፍትሔው ጉልበት መጨመር ይመስላቸዋል። ጉልበት ሲጨመር ትከሻ ይጠነክራል፣ ቀኝ እጅ እጀታውን ያንቃል፣ አንጓም ይጠመዘዛል። ያን ጊዜ ስለቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብልና ሰይፉ በጠፍጣፋ ጎኑ ይመታል። ልከኛ ፍጥነት ያለው፣ ስለቱ የቀና ምት የሁለት ሊትር ጠርሙስ ያለ ብዙ ድካም ያልፋል። ጡንቻ ያላቸው ወጣቶች ሲታገሉ ቀጠን ያሉ ሰዎች በአንድ ምት የሚያልፉት በዚህ ምክንያት ነው።

የወደቀውን ጠርሙስ አንሥተው ይመርምሩት። ሰፊ ጉድጓድ ብቻ ካለበትና ጭረት ከሌለው የመታው የሰይፉ ጎን ነው። ቀጭን ነጭ መስመር ካለበት ስለቱ ቀንቷል፣ ነገር ግን ወይ ዶልዱሟል ወይ ምቱ ጠርሙሱ ጋ ሲደርስ ዘግይቷል። ጠርሙሱ ዒላማ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ ዓይንዎ ጠርሙሱ ላይ ሳይሆን ሰይፉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ይሁን። እስከ ግማሽ ተቆርጦ ከዚያ የተቀደደ ከሆነ ደግሞ ስለቱ በትክክል ገብቶ መሐል ላይ ተጠምዝዟል፤ ጥፋቱ የእጅ አያያዝ ነው።

ለዚህ ድምፅ ይረዳል። በአካሉ ላይ ቦይ ያለው ሰይፍ በትክክል ሲሰነዘር ጥርት ያለ ፉጨት ያሰማል፤ ሲያዘነብል ድምፁ ይደፈርሳል ወይም ይጠፋል። ጠርሙስ ሳያስቀምጡ በዚያ ድምፅ ይለማመዱ። የእጀታውም ቅርጽ ለውጥ ያመጣል፤ ሞላላ እጀታ ስለቱ ወዴት እንደዞረ ለመዳፍ ይነግራል፣ ክብ እጀታ ምንም አይናገርም።

ተቆርጧል፤ ግን የቆረጣው መስመር ጎባጣ ነው። ችግር አለው?

አለው፣ ግን ጥሩ ዓይነት ችግር ነው፤ ቢያንስ አሁን የሚታረም ነገር ተገኝቷል። ሁለቱን ቁራጮች መልሰው ያገጣጥሙ። መስመሩ እንደ ማንኪያ ከጎደጎደ ሰይፉ በጠርሙሱ ውስጥ እያለ አቅጣጫ ቀይሯል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሰያፍ የተጀመረ ምት በክንድ ብቻ ስለሚጎተት መጨረሻው ላይ ወደ አግዳሚ ይዞራል። ወገብ ከክንድ ጋር ሲዞር መስመሩ ይቀናል። ጠርዙ የተሸበሸበ ከሆነ ደግሞ ወደ ስለቱ ይመለሱ።

እውነቱን ለመናገር ፕላስቲክ በዚህ ረገድ ጎበዝ አስተማሪ አይደለም። ስስ ስለሆነ ትንሹን ጥምዝምዝ ይደብቃል። ታታሚ ግን የምቱን መንገድ በጥቅሉ ፊት ላይ ጽፎ ያሳያል።

ስለቱ ምን ያህል መሳል አለበት?

አንድ ወረቀት በእጅ ይዘው ስለቱ ሳይቀድድ ከቆረጠው በቂ ነው። ከዚያ በላይ ማሳሳት ጉዳት አለው፤ ስስ ጠርዝ አንድ የተሳሳተ ምት ይበቃዋል፣ ይታጠፋል። የመፍጫ ማሽን ጋ አይውሰዱት፤ ሙቀቱ የተገራውን ብረት ያለሰልሰዋል። በመሳያ ድንጋይ፣ በትዕግሥት። የካርቶን ቱቦ መቁረጥ የሚወዱ ሰዎች ደግሞ ስለታቸው ቶሎ ቶሎ ሲዶለዱም ይገረማሉ፤ ካርቶን ስለት ይበላል፣ ውሃና ስስ ፕላስቲክ ግን ያን ያህል አይጎዱም።

በጣም የተሳለ ሰይፍ የአሰነዛዘርን ስህተት እንደሚሸፍንም ይወቁ። አንድ ሳምንት ሁሉ ነገር እየተቆረጠልዎ በሚቀጥለው ቢቸገሩ እጅዎን ከመውቀስዎ በፊት ስለቱን ይመልከቱ።

ከልምምድ በኋላ ሰይፉን ምን ላድርገው?

የካርቦን ብረት ውሃ አይወድም። በየመሐሉ በጨርቅ ይጥረጉት፤ ሲጨርሱ ፈጽሞ አድርቀው እንደ ልብስ ስፌት መኪና ዘይት ያለ ስስ ዘይት ይቀቡት። ሲጠርጉ ጨርቁ ከስለቱ ጀርባ በኩል ይያዝ። እርጥብ ሰይፍ አፎት ውስጥ አይገባም፤ የእንጨቱ አፎት እርጥበቱን ይይዝና በማግስቱ ሲመዝዙት የዝገት ነጠብጣብ ይጠብቅዎታል። የምግብ ዘይት አይጠቀሙ፤ ይጣበቃል፣ ይሸታል።

በፈረቃ በሚመጣ ውሃ ይህን ማድረግ ነውር አይደለም?

ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ንጹሕ ውሃ ቆርጦ ማፍሰስ በእርግጥ ያሳፍራል። የአትክልት ወይም የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ይሞላል፤ ሳሙና የሌለበት ይሁን፣ ዓይን ውስጥ ይገባልና። ዒላማውን አትክልቱ አጠገብ ቢያቆሙት የሚፈሰው ሥራ ይሠራል። የዝናብ ውሃ ከሁሉም ይመረጣል። ቁርጥራጩን ፕላስቲክ ግን አንድም ሳይቀር ይልቀሙ፤ ጠርዙ ባዶ እግሩን ለሚሮጥ ሕፃንና ለከብት አደጋ ነው።

ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ ይሞክር?

በእንጨት ሰይፍ፣ አዎ። ስለት ባለው፣ ከአሠልጣኝ ጋር ካልሆነ አይሆንም። ጠርሙስ የሚሞላ፣ የሚያስቀምጥ ረዳት ቢሆን እንኳ ሰይፉ አፎቱ ውስጥ ሳይገባ ወደ ዒላማው አይጠጋ።

ሕጉ ምን ይላል?

እንደ አገሩ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ስለቱ 50 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ቆልማማ ሰይፍ መሸጥና ማስገባት ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል፣ በኋላም ቤት ውስጥ መያዝ ተጨምሯል፤ በባህላዊ የእጅ ሥራ የተሠሩትና ከ1954 እ.ኤ.አ. በፊት የነበሩት የተለየ አስተያየት ይደረግላቸዋል። በጀርመን ሰይፍ ለመግዛት 18 ዓመት መሙላት ግድ ነው፣ በአደባባይ መታጠቅም አይፈቀድም፤ በተዘጋ ሣጥን ማጓጓዝ ይቻላል። ጃፓን ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው ሕግ ስለት ያለው ሰይፍ በምዝገባ ብቻ ይያዛል። በአሜሪካ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት፣ አንዳንዴም ከተማው የራሱ ደንብ አለው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከመግዛትዎ ወይም ከውጭ ከማስመጣትዎ በፊት የአካባቢዎን ፖሊስ መጠየቅ ከጉምሩክ መጋዘን ደጃፍ ከመመላለስ ይሻላል። የትም ቢሆን ሰይፍ ተሸፍኖ፣ ታስሮ፣ ከመኪናው ኋላ ይጓዛል።

ቪዲዮ ላይ ጠርሙስ ወደ ላይ ወርውረው ሲቆርጡ አየሁ። እንዴት ነው የሚደረገው?

በስልክ ካሜራ ፊት፣ ያልተሳካውን ቆርጦ በማውጣት። በአየር ላይ ያለ ጠርሙስ ዓይንን ይስባል፣ እግር ሳይታሰብ ይከተላል፣ ሰይፉም ባልተለካ ርቀት ይሰነዘራል። ሌላ ሰው የሚወረውር ከሆነ ደግሞ ያ ሰው በምቱ መስመር ላይ ቆሟል። ችሎታን ማሳየት ከተፈለገ ባዶ ጠርሙስ ቆሞ እያለ ይቁረጡ፤ ማንም አይጎዳም፣ ከባድነቱም ከውርወራው አያንስም።

ጠርሙስ መቁረጥ ከቻልኩ ሰይፍ ተምሬያለሁ ማለት ነው?

ቆሞ የሚጠብቅ፣ የማይመልስ፣ ልብስ ያልለበሰ ዒላማ ቆርጠዋል ማለት ነው። ስለ ርቀት፣ ስለ ጊዜ፣ ስለ መከላከል የሚማረው ከሰው ጋር፣ በደነዘ ሰይፍና በመከላከያ ልብስ ነው። ቆረጣ የዚያ ትምህርት አንድ ክፍል ነው፤ ብቻውን የሚሠራው ሰው የምቱን ኃይል እየጨመረ ሄዶ ማንም ባላጋራ የማይጠብቀው ዓይነት ሰፊ አሰነዛዘር ይለምዳል።

በአንድ ጠርሙስ ላይ ሁለት ጊዜ መቁረጥ እንዴት ይቻላል?

የመጀመሪያው ቆረጣ ከላይ፣ ልክ ከትከሻው በታች ይሁን፤ ብዙ አካል ይተርፋል። አሁን ክዳን የለም፣ ግድግዳውም ስለለቀቀ ሁለተኛው ምት ይበልጥ የቀና መሆን አለበት። ጀማሪዎች የሚሰናከሉት በመሐሉ ነው፤ የመጀመሪያውን ጨርሰው ሰይፉን እንደገና ወደ ትከሻ ያነሣሉ። አያስፈልግም። ከቀኝ ወደ ግራ የወረደው ሰይፍ በግራ ዝቅ ብሎ ሳለ ስለቱን ዞር አድርገው በዚያው መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ያንሡት፤ ሰይፉ የሚነሣው ከግራ ዝቅ ብሎ ስለሆነ ቀኝ እግር እንደቀደመ ይቆይ።

ወደ ላይ የሚሄደው ምት ጠርሙሱን ከመቀመጫው የማንሣት ጠባይ አለው፤ ስለዚህ አስቀድሞ በሙሉ ጠርሙስ ላይ ለብቻው ይለመድ። ሁለቱን ያገናኙ ጊዜ በዝግታ ይጀምሩ፤ ግራ እግር ወደ ፊት ከወጣ ሁለተኛውን ምት አይሰንዝሩ።